መጀመሪያ የመቀመጫዬን

ያደግኩት ዝቋላ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው የገዳሙ ተራራ ሳይሆን የዋግ ኽምራው፣ የተከዜው ቆላ። ልጅ ሆኜ በጥቅምት ማሽላ እጠብቅ ነበር። ማማ ላይ ቁጭ ብዬ ከዝንጀሮዎች ጋር ስንተያይ እንውላለን። ወንጭፍ ከያዝኩ ይርቃሉ፤ ባዶ እጄን ከሆንኩ ይቀርባሉ። አንድ ቀን የወረወርኩት ድንጋይ ልጇን ያዘለች አንዷን ጎኗን መታት። ጎኗን ይዛ ዞር ብላ አየችኝ። አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሶፍትዌር መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ስለ አንጎል ሳነብ የነርቭ ሳይንቲስቱ የኒኮስ ሎጎቴቲስ ሥራ ላይ ደረስኩ። ለጦጣዋ አንድ ዓይን አንድ ምስል፣ ለሌላኛው ዓይኗ ሌላ ምስል ይታያል። አንጎል ሁለቱን እያፈራረቀ ነው የሚያየው። ጦጣዎቹ አሁን የሚያዩት የቱን እንደሆነ ማንሻ እየሳቡ እንዲናገሩ ሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከዴቪድ ሺንበርግ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ምስሎቹ ሳይለወጡ፣ ምስል በሚለየው የአንጎል ክፍል ያሉ አብዛኞቹ ሴሎች ጦጣዋ «አየሁ» ያለችውን ተከትለው ይለዋወጡ ነበር። እዚያ ውስጥ የሚያይ አለ ማለት ነው።

ይህን ለማወቅ ግን የራስ ቅል ተበስቶ ኤሌክትሮድ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ቱቢንገን ካለው ቤተ ሙከራው በድብቅ የተቀረጸ ቪዲዮ ወጥቶ ጀርመን ውስጥ ጩኸት ተነሣ፤ በ2015 ሎጎቴቲስ በጦጣ ላይ መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ።

«ጨካኞች» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ማህሎን ዲሎንግና ባልደረቦቹ ጦጣዎች ላይ የፓርኪንሰን ዓይነት ሕመም ፈጥረው፣ አንዲት ትንሽ የአንጎል ክፍል ሥራ ስታቆም ሕመሙ እንደሚቀልል አሳዩ። ዛሬ ብዙ ሺህ ሰዎች እዚያው ቦታ በሚገባ ኤሌክትሮድ ይታከማሉ። አጎቴ እጁ ተንቀጥቅጦ ቡናው ይደፋበታል። ሕክምናው ሰቆጣ ቢደርስ «ተው፣ የጦጣ ደም አለበት» እለዋለሁ? አልለውም።

በእኛ ሥራ አዲስ ሶፍትዌር የሚሞከረው በፈጠራ ዳታ ነው። አንዳንዴ ግን የእውነተኛ ደንበኞች ዳታ ይገለበጥና ይሞከርበታል፤ እውነተኛ ስለሆነ ስህተቱን ቶሎ ያወጣል። ያኔ «ለሙከራ ነው» የሚለው ሰበብ አይሠራም፤ የሰው ገመና ስለሆነ እንደ ዋናው መጠበቅ አለበት። ጦጣዋም እንደዚያ ናት። የምትጠቅመን ስለምትመስለን ነው፤ በመሰለችን ልክ ደግሞ ዕዳችን ይጨምራል። «እንደኛ ናት» ብሎ ገብቶ «እንስሳ ናት» ብሎ መውጣት የለም።

የእኔ መልስ ይሄ ነው፦ ሕመም ለማዳን፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ፣ ዕዳውን እያመኑ። መስመሩ ጥርት ያለ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዲሎንግም መጀመሪያ የጤነኛ ጦጣ አንጎል ለዓመታት ባያጠና ኖሮ እዚያ ባልደረሰ ነበር። ቢያንስ ግን ዕዳ የለብንም አንበል።

ሰውነቷን እሾህ የወጋት ዝንጀሮ «የቱ ይነቀልልሽ?» ስትባል «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል። እንስቅበታለን። ተረቱ ውስጥ ግን «ለመሆኑ ያማታል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።