በክፉ ዘመን የተቀረፀ ዜማ

ሰው በክፉ ዘመን የተቀረፀን ዜማ እየሰማ ደስ ሊለው ይገባዋልን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሸክላ ለሚሰበስብ ሰው ግን ደጋግሞ የሚመላለስበት ነው። በመደርደሪያችን ካሉት ሸክላዎች አብልጠን የምንወዳቸው ከ1976 እስከ 1979 ባለው ጊዜ የወጡት ናቸው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። እነዚህን ስለ ምን እንደ ወደድን ራሳችንን በጠየቅን ጊዜ፣ መልሱ የድምፁ ጥራት ወይም የተጫዋቾቹ ችሎታ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ደም በፈሰሰበት፣ ሰው በተሰደደበት ወይም ከተማ በግንብ በተከፈለበት ወራት የተቀረፁ ናቸው። ታዲያ እኛ በወንበራችን ተደላድለን የምንቀምሰው ደስታ ከማን ገበታ የተነሣ ነው?

አስቀድሞ የሸክላን ጠባይ መለየት ያስፈልጋል። ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ዜማ በየትውልዱ ልብሱን ይለውጣል፤ አያት ለዘመቻ ያወጡት ቀረርቶ ለልጅ ልጅ የሠርግ ጨዋታ ቢሆን የሚደነቅ የለም። ሸክላ ግን እንዲህ ያለ ነፃነት የለውም። በእያንዳንዱ ፊቱ ላይ ከዳር ተነሥቶ ወደ መካከል የሚጠመዘዝ አንድ ቀጭን ቦይ አለ። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሢሶ የሚዞረው ትልቁ ሸክላ በአንዱ ፊት 20 ደቂቃ ያህል ሲይዝ፣ ያ ቦይ ተዘርግቶ ቢለካ 400 ሜትር ያህል ይረዝማል። በቦዩ ግድግዳ ላይ የተጻፈው በታወቀ ጊዜ፣ በታወቀ ክፍል ውስጥ አየሩ የተንቀጠቀጠበት አኳኋን ነው፤ ዘፋኙ በሁለት ቃል መካከል የሳበው ትንፋሽ እንኳ ሳይቀር ይገኝበታል። ስለዚህ የ1977ን ሸክላ የሚሰማ ሰው ከዚያ ዓመት አየር ጥቂት ወደ ቤቱ ያስገባል። ነገር ግን ማይክሮፎኑ የሚሰማው በክፍሉ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ከበሩ ውጭ በመንገዱ ላይ የሚሆነውን አይቀርፅም። አሳባችን ሁሉ የሚዞረው በዚህ በተቀረፀውና ባልተቀረፀው መካከል ነው።

የጃማይካው ቦብ ማርሊ «ኤክሶደስ» የተባለውን ሸክላ በ1977 በለንደን ቀረፀ። ከዚያ በፊት በዲሴምበር 3 ቀን 1976 ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ኪንግስተን በሚገኘው ቤቱ ገብተው እርሱን፣ ባለቤቱን ሪታንና ሥራ አስኪያጁን አቍስለው ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ቍስሉ ሳይሽር በሕዝብ ፊት ቆሞ ዘፈነ፤ ከዚያም አገሩን ለቆ ወጣ። ይህ ሥራ በሁለት ፊት የተከፈለ መሆኑን ዛሬ በስልኩ የሚሰማ ሰው ላያስተውለው ይችላል። የመጀመሪያው ፊት ስለ በደል፣ ስለ ስደትና ስለ ፍርድ ይናገራል፤ ሲገለበጥ ፍቅርና መጽናናት ይመጣል። ለመገልበጥ ከወንበር መነሣት ግድ ነውና በሁለቱ መካከል አንድ ዝምታ አለ። እኛ ይህን ዝምታ ከሥራው እንደ አንዱ ክፍል አድርገን እንቈጥረዋለን።

የዚያው ሰው የ1976 ሸክላ፣ «ራስታማን ቫይብሬሽን»፣ ለኢትዮጵያዊ ሰሚ ከዚህ የጠበቀ ነገር አለበት። «ዎር» የተባለው ዘፈን ቃሉ በአብዛኛው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 4 ቀን 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። ዘፈኑ በወጣ ጊዜ ተናጋሪው በ1974 ከዙፋን ወርደው፣ በ1975 በእስር ላይ ሳሉ ሕይወታቸው ካለፈ ገና አንድ ዓመት አልሞላም። በሌላው ዓለም ሕዝብ በንግግራቸው ሲወዛወዝ፣ በአገራቸው የተቀበሩበት ስፍራ እንኳ በይፋ አይታወቅም ነበር። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የቱንም ያህል የተለያየ ፍርድ ቢኖረን፣ ይህን ነገር አውቆ የሚሰማና ሳያውቅ የሚሰማ ሰው አንድ ዘፈን ሰሙ ለማለት ይቸግራል።

በናይጄሪያ ደግሞ ፌላ ኩቲ «ዞምቢ» በተባለው ሸክላ፣ ትእዛዝ ካልተሰጠው የማያስበውን ወታደር ተሳለቀበት። በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1977 ወታደሮች ሌጎስ ያለውን ግቢውን ወርረው አቃጠሉት፤ አረጋዊት እናቱንም ከፎቅ ወረወሯቸው። እርሳቸውም በተከታዩ ዓመት ዐረፉ። ሸክላው ግን ካሉን ሁሉ ይልቅ እግርን አላስቀምጥ የሚል ነው። ምዕራብ በርሊን ውስጥ ከግንቡ አጠገብ ስለ ተቀረፀው ስለ ዴቪድ ቦዊ «ሂሮስ» ብዙዎች ብዙ ብለዋልና እኛ አንጨምርም።

ወደ ራሳችን ከተማ ስንመጣ ግን እንዲሁ አልፎ መሄድ አይቻልም። በዚያው በ1977 ካይፋ ሪከርድስ የአቶ ኃይሉ መርጊያንና የዋልያስ ባንድን «ቼ በለው» አወጣ። በዚያን ጊዜ በአገራችን የሚበዙት ሸክላዎች በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ፣ በፊትና በጀርባ አንዳንድ ዘፈን የሚይዙ ትናንሾች ነበሩ፤ ስለዚህ ይህ ትልቅ ሸክላ ብርቅ ነበር። ብዙም ሳይቈይ ካሴት መጥቶ ሸክላን ከገበያ አስወጣው። ስሙ ፈረስን ለግልቢያ የሚያነሣሣ ቃል ነው፤ ዜማዎቹም ነባር ቅኝቶቻችንን በኦርጋን፣ በጊታርና በነፋስ መሣሪያ የሚያስኬዱ፣ በአብዛኛው ያለ ግጥም የሚጓዙ ናቸው። ግጥም በሳንሱር ፊት ያልፍ በነበረበት ወራት ኦርጋን የሚሰረዝ ቃል አልነበረውም።

በዚያው በ1977ና በተከታዩ ዓመት አዲስ አበባን የገዛው ቀይ ሽብር ነው። ወጣቶች ከየቤታቸው ተወስደው ሳይመለሱ ቀሩ፤ ሬሳ በመንገድ ተጥሎ ያድር ነበር፤ እናትም በልጇ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዳታለቅስ ትፈራ ነበር። ሌሊቱ የሰዓት እላፊ ነበር። ዋልያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ሲጫወት ከተወሰነው ሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ የሚችል ባለመኖሩ፣ ባንዱም እንግዳውም በራፉ ተዘግቶ እስኪነጋ ድረስ በአንድነት ያድሩ ነበር። ይህን ሸክላ ስናጫውት የምንሰማው በዚያ አዳራሽ ሲጫወቱ ያድሩ የነበሩ ሰዎችን እጅ ነው። በመንገዱ ላይ ይሆን የነበረው በቦዩ ውስጥ የለም፤ እኛ ግን እናውቀዋለን።

ከወዳጆቻችን አንዳንዶቹ፣ ጥበብ ከዘመንዋ በላይ ናትና ዜማውን ስሙ፣ ታሪኩን ለታሪክ ጸሐፊ ተዉት ይሉናል። ይህ አነጋገር ጥበብን ያከበረ ይምሰል እንጂ፣ በእውነቱ ከፈጠሯት ሰዎች ቆርጦ የቤት ዕቃ ያደርጋታል። ሌሎች ደግሞ እንዲህ ያለ ሸክላ በቤተ መዘክር ተቀምጦ ለምስክርነት ይጠበቅ እንጂ ለመዝናኛ መሰማት የለበትም ይላሉ። የእነዚህን ኀዘን እናከብራለን፤ ነገር ግን የማይሰማ ሸክላ ምን ዐይነት ምስክር እንደሚሆን አይገባንም።

ከሁለቱም ይልቅ የልቅሶ ቤት ልማዳችን የጠለቀ ትምህርት ያለው ይመስለናል። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ግጥሟ የሰመረ እንደሆነ ለቀስተኛው ዕንባውን እየጠረገ ያደንቃታል፤ ቃሉንም በልቡ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከሳምንት በኋላም ምን ያለ ሙሾ ወረደ እያለ ለጎረቤቱ ያወራል። በሰው ሞት ተደሰተ ብሎ የሚከስሰው የለም። የመጣው ለሟቹ ነውና፤ ስሙን ያውቃል፤ ከቤተ ዘመዱ ጋር ተቀምጧል። ያንኑ ሙሾ ሟቹን የማያውቅ ሰው በመጠጥ ቤት ለቀልድ ቢያዜመው ግን፣ ቃሉ ሳይለወጥ ነውር ይሆናል። እንግዲህ ነውሩ የመጣው ከደስታው ሳይሆን ሟቹ ከመረሳቱ ነው።

ለዚህም የ1978 አንድ ሸክላ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በግእዙ ዳዊት 136ኛው መዝሙር ላይ ምርኮኞቹ በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ተቀምጠው ሲያለቅሱ፣ ማራኪዎቻቸው ዘምሩልን ቢሏቸው መሰንቋቸውን በዛፍ ላይ እንደ ሰቀሉ ይነበባል። የጃማይካ ዘፋኞች የሆኑት ሜሎዲያንስ ይህንን በ1970 የስደተኛ እንጉርጉሮ አድርገው አወጡት። በ1978 ቦኒ ኤም የተባለው ከጀርመን የተነሣ ቡድን ያንኑ ዜማ ለጭፈራ አሳምሮ አቀረበውና አውሮፓ በሙሉ ተወዛወዘበት። ሥራው የተዋጣ ነው፤ እኛም አለን፤ እናጫውተዋለን። ነገር ግን በዚያ ሁሉ የጭፈራ አዳራሽ ውስጥ ምርኮኛው ማን እንደ ነበረ የጠየቁ ብዙ አይመስሉንም።

ይሁን እንጂ የሙሾው ምሳሌ እስከ መጨረሻው አያደርሰንም። «ቼ በለው» ሙሾ አይደለም። የተጫወቱት ሰዎች ለማልቀስ አልተነሡም፤ የዕለት ሥራቸውን ሠሩ፤ ለዚያውም አሳምረው። በየዜማው ውስጥ የተደበቀ ልቅሶ አለ እያሉ በግድ መተርጐም ሸክላውን ያላለውን ማናገር ይሆናል። ደስታውን እንደ ደስታ መቀበል አለብን፤ አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ረገድ ከስቲቪ ዎንደር የ1976 ሥራ፣ «ሶንግስ ኢን ዘ ኪይ ኦፍ ላይፍ» ከተባለው፣ አንድ ነገር ተምረናል። በውስጡ «ሰር ዱክ» የተባለ ዘፈን አለ፤ በ1974 ለሞተው ለዱክ ኤሊንግተን መታሰቢያ የተሠራ ነው። ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ሽልማት መቀበሉን፣ ከአቶ ሙላቱ አስታጥቄም ጋር መገናኘቱን አንባቢ ያስታውስ ይሆናል። ዘፈኑ ሌሎች ያለፉ ሙዚቀኞችንም በየስማቸው ይጠራል፤ መለከቱ ግን እንደ ሠርግ ነው። በዚያ ዘፈን ውስጥ ሞትን ማስታወስና መጨፈር አልተጣሉም። ደስታ ራሱ መታሰቢያ መሆን ይችላል ማለት ነው፤ የሚያስፈልገው የሚታሰበው ሰው ስም መጠራቱ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ስናስብ፣ በዚያ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ የነጋው ሌሊትም የ1977 እውነት ነው። ያንን ዓመት በሙሉ ለገዳዮቹ ትተን፣ ሰው ከሰው ጋር ተደስቶ ያደረበት ሰዓት አልነበረም ብለን ብንጽፍ ለእነርሱ ከያዙት በላይ እንሰጣቸዋለን። በአንጻሩ ደግሞ በሂልተን ማደር የሚችለው ገንዘብ ያለው ሰው እንደ ነበረ አንዘነጋም፤ በዚያች ሌሊት በቀበሌ እስር ቤት ወለል ላይ የተኛው ተማሪ ኦርጋኑን አልሰማውም። እርሱን ወክለን ዜማውን ይቅርታ የምናደርግለት እኛ ማን ነን?

ከሚጎበኙን ሰዎች መካከል በዚያ ጊዜ ወንድም ወይም ልጅ ያጡ አሉ። ኦርጋኑ ሲጀምር ፊታቸው የሚለወጥ አለ፤ በተቃራኒው ከዚያ ወራት የተረፈልኝ መልካም ነገር ይህ ብቻ ነው ብሎ እንድንደግመው የሚለምን አለ። ለመጀመሪያው መርፌውን እናነሣለን፤ ስለ ጥበብ ነፃነት አንከራከረውም። ለሁለተኛው እንደግምለታለን። ዘመኑን ያላየው ወጣት ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። «ቼ በለው» በ2014 በውጭ አገር እንደ ገና ታትሞ በዓለም ስለ ተሠራጨ፣ ብዙ ጊዜ ዜማውን ከእኛ አስቀድሞ ያውቀዋል። የሚጠይቀንም ስለ ኦርጋኑ ነው፤ ተጫዋቹ ማን እንደሆኑ፣ ዛሬ የት እንዳሉ። አቶ ኃይሉ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ በሄዱ ጊዜ እዚያው ቀርተው በዋሽንግተን ብዙ ዓመት ታክሲ እንደ ነዱ፣ በኋላም ወደ መድረክ እንደ ተመለሱ እንነግረዋለን። ሁለተኛውን ፊት ለማጫወት ስንነሣ ደግሞ ስለ ሰዓት እላፊው እንነግረዋለን።