ወደ ብርድ ከመክተትህ በፊት

ልጄ፣ ቤትህ የምትጠምቀው ላገር ቢራ ለምን ቅቤ ቅቤ እንደሚል ጠይቀኸኛል። ምክንያቱ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ወደ ፍሪጅ ማስገባትህ ነው። ብርድ ቢራን ያጠራል፣ ያለሰልሳል፤ እርሾ ጀምሮ የተወውን ሥራ ግን አይጨርስለትም።

የቅቤው ሽታ የሚመጣው ዳይአሴቲል ከሚባል ነገር ነው። እርሾ ሲራባ ወደ ቢራው የሚያወጣው፣ በራሱ ምንም የማይሸት ንጥረ ነገር አለ፤ እሱ ውሎ ሲያድር ዳይአሴቲል ይሆናል። ደግነቱ ጤነኛ እርሾ መልሶ ይበላዋል። ለመብላት ግን ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲብላላ የሰነበተው ቢራ፣ በሃይድሮሜትር ስትለካው መብላላቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ወደ 16 ወይም 18 ዲግሪ አሙቀውና ሁለት ሦስት ቀን ተወው። ከዚያም በግምት አትወስን። በሁለት ብርጭቆ ቅዳ፤ አንዱን ክደንና 60 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አቆየው፤ ሲቀዘቅዝ ሁለቱን አሽትታቸው። የሞቀው ቅቤ ከሸተተ ገና ነው። አረንጓዴ ፖም የሚሸት ቢራም በአብዛኛው ከእርሾው ላይ ተጣድፎ የተነሣ ነው።

ጠላችን ጌሾውና ጭሱ ብዙ ነገር ይሸፍኑለታል፤ ላገር የሚሸፍንለት የለውም። የጀርመን ባቫሪያ ሰዎች ሙቀት ቢራን እንደሚያበላሽ ቀድመው ያውቁ ነበር። በ1553 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንባቸው ቢራ መጥመቅ የፈቀደው ከሴፕቴምበር 29 የቅዱስ ሚካኤል በዓል እስከ ኤፕሪል 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ብቻ ነበር፤ በበጋቸው ሙቀት የተጠመቀ ይበላሽባቸዋልና። አንተ ቴርሞሜትር አለህ፤ ተጠቀምበት።

የመጀመሪያውን ቀን ደግሞ አክብረው። ላገር በሙቀት ከሚብላላ ቢራ እጥፍ ያህል እርሾ ይፈልጋል። የብቅሉን ውሃ እስከ 10 ዲግሪ ሳታቀዘቅዝ እርሾ አትጨምርበት፤ ሞቅ እያለ የጀመረ እርሾ የማትፈልገውን ሽታ አብዝቶ ያወጣል። እርሾው ሲገባ አየር ይፈልጋልና በደንብ ናጠው። መብላላት ከጀመረ በኋላ ግን አየር ጠላቱ ነው፤ ስታዛውረው ከተንቦጫረቀ ሲሰነብት እርጥብ ካርቶን ይላል።

አዲስ አበባ ለሚጠምቅ ሰው አንድ የተለየ ነገር አለ። ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከነጣ ብቅል የሚመጣውን የተቀቀለ በቆሎ ሽታ የሚያባርረው ደግሞ የፈላው ሙቀት ነው። በዝቅተኛ ቦታ 90 ደቂቃ ይበቃል የሚል መመሪያ ካየህ፣ አንተ ከዚያ በላይ አፍላው። ድስቱንም አትክደን፤ በእንፋሎት የወጣው ከክዳኑ ተመልሶ ይንጠባጠባል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ቀድመህ አፍልተህ አቀዝቅዘው፤ አለዚያ ቢራህ የቁስል መድኃኒት ይሸታል። ስለ ዕቃ ንጽሕና አልነግርህም፤ እናትህ አስተምራሃለች።

ሲብላላ የተበላሸ እንቁላል ቢሸትህ አትደንግጥ። የላገር እርሾ ጠባዩ ነው፤ በአብዛኛው ከጋዙ ጋር ይወጣል፣ የቀረውንም ቆይታው ያጠፋዋል። በዚህ ምክንያት ብቻ ቢራ የሚደፉ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ቢራው የሁለቱን ብርጭቆ ፈተና ካለፈ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ 0 እና 2 ዲግሪ መካከል አውርደው፤ አራት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሳትከፍተው ይቆይ።

አሁን ፍሪጅህ ውስጥ ያለውን ቅቤ የሚሸት ቢራ ግን አትድፋው። ዛሬውኑ አውጥተህ ወደ 18 ዲግሪ መልሰውና ጥቂት ቀን ጠብቀው። ካልተስተካከለ፣ ሌላ ላገር ጥመቅና በኃይል አረፋ አውጥቶ ሲብላላ ከእሱ ቀንሰህ ጨምርበት። ያ ትኩስ እርሾ ቅቤውን ይበላልሃል።