በአንድ ዓመት የመጣ ፍጥነት የማን ነው?

ሰው የሚመሰገነው በየትኛው ነገር ነው? ጥንታዊው ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ግብረ ገብ በጻፈው መጽሐፉ፣ ምስጋናም ሆነ ወቀሳ የሚገባው ሰው በፈቃዱ ለሚያደርገው ነገር መሆኑን አስተምሯል። ረጅም ሆኖ የተፈጠረ ሰው በቁመቱ አይመሰገንም፤ አጭሩም ስለ ዕጥረቱ አይነቀፍም። ነገሩ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ይሁን እንጂ አንድ ተማሪ በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈጣን ሯጭ ሆኖ ብቅ ያለ እንደ ሆነ፣ ወላጆችም፣ መምህራንም፣ ተመልካቾችም ይህን ቀላል እውነት ወዲያው እንረሳዋለን። በመርሳታችንም የሚጎዳው ልጁ ነው።

በዳባት ወይም በደባርቅ የሚማር አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ በሐሳባችን እናቁም። አምና በትምህርት ቤቶች ውድድር 800 ሜትርን በ2 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ሮጠ እንበል፤ ዘንድሮ ግን በ1 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ገባ። አሥራ አራት ሴኮንድ በአንድ ዓመት! ወሬው ከሜዳው ወደ ገበያው፣ ከገበያው ወደ ገጠሩ ይደርሳል። መምህሩ «ይህ ልጅ ተአምር ነው» ይላሉ፤ ጎረቤት አባቱን «እንኳን ደስ ያለህ፤ ከእንግዲህ ከድህነት ወጣህ» ይለዋል፤ አጎቱ ደግሞ ትምህርቱን አቋርጦ አዲስ አበባ ይገባ ዘንድ ይመክራል። ልጁም ታላላቆቹን አምኖ ራሱን እንደ ተአምር መቁጠር ይጀምራል። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ከነዚያ አሥራ አራት ሴኮንዶች መካከል የልጁ የራሱ የሆኑት ስንቶቹ ናቸው?

በመጀመሪያ የአካሉን ድርሻ እንመልከት። ወንድ ልጅ ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜው ልቡና ሳንባው ይሰፋል፤ በደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይጨምራል፤ እግሩ ይረዝማል፤ ጡንቻው ይጠነክራል። ስለዚህ ልዩ ልምምድ ባያደርግ እንኳ ከአምናው ይልቅ ዘንድሮ ይፈጥናል። ሴት ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀድማ ትፈጥንና፣ ሰውነቷ በጉርምስና ሲለወጥ የሰዓቷ መሻሻል ለጥቂት ዓመታት ሊቆም ይችላል። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት እንጂ ስንፍና አይደለም።

ሁለተኛው የቦታው ድርሻ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሯጩ በየትንፋሹ የሚያገኘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። 800 ሜትር ለመሮጥ ከሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ከግማሽ የሚበልጠው በኦክስጅን የሚገኝ ነው። ስለሆነም ልጁ ለውድድር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ፣ በጉልበቱ ላይ ምንም ሳይጨምር ሰዓቱ ሊያምርለት ይችላል። ሜዳው ጠጠርና ሣር ይሁን ወይስ የተነጠፈ መም፣ ሰዓቱ በእጅ የተያዘ ይሁን ወይስ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ፣ ይህም ሁሉ ቁጥሩን ይለውጠዋል። ሊማሊሞን ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና መፍጠኑ አይቀርም፤ ነገር ግን ፍጥነቱን ሁሉ የሞተሩ ኃይል አድርጎ የሚቆጥር ሾፌር የለም። ቁልቁለቱ የሰጠውን ለቁልቁለቱ ትቶ፣ ማርሽ ቀንሶ በጥንቃቄ ይወርዳል።

ሦስተኛው የሌሎች ሰዎች ድርሻ ነው። እርሱ ልምምድ ላይ ሳለ በፈንታው ከብት የምትጠብቅ እኅት አለች፤ ከጎደለው ማዕድ ለእርሱ የምታበዛ እናት አለች፤ ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ በብርድ ሜዳ ላይ የሚቆሙ መምህር አሉ። በመጨረሻም የልጁ የራሱ ድርሻ ይመጣል፤ ይኸውም በንጋት ውርጭ መነሣቱ፣ ሲደክመው አለመተዉ፣ የታዘዘውን በታማኝነት መፈጸሙ ነው። ይህን ድርሻ ትንሽ ነው አንልም። በእውነት የእርሱ ሊባል የሚችለው ግን ይህ ብቻ ነው።

ይህን ለይቶ ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፣ በአሰላ የተወለደውን የመሐመድ አማንን ታሪክ ይመልከት። መሐመድ እ.ኤ.አ. በ2009 በሞሪሽየስ በተካሄደው የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና በ800 ሜትር ሁለተኛ ከወጣ በኋላ፣ ለውድድሩ ዕድሜው ገና አልደረሰም ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ። በ2011፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ኢጣሊያ ውስጥ በሪዬቲ በ1:43.37 ሮጦ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የዓለም ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ። በ2012 የሎንዶን ኦሊምፒክ ስድስተኛ ሆነ፤ በ2013 በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት በብራስልስ በ1:42.37 ሮጠ። ያን ጊዜ ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቢሮጥም ያንን ሰዓት ግን አላሻሻለውም።

የሪዬቲው ሰዓት የተሻሻለው ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ኩፐር ሉትከንሃውስ የተባለ የአሥራ ስድስት ዓመት የቴክሳስ ተማሪ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ ሻምፒዮና 800 ሜትርን በ1:42.27 ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት በጁን ወር የሮጠው 1:45.45 ራሱ የአገሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክብረ ወሰን ነበር። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሦስት ሴኮንድ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ይህ ልጅ በሴፕቴምበር በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ሲሰለፍ ግን የመጀመሪያውን ማጣሪያ አላለፈም። በኦገስት ተአምር የተባለው ልጅ በሴፕቴምበር ሰነፍ ሆነን? መሐመድስ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የደረሰበትን ሰዓት ስላላሻሻለ ትጋቱን ተወ ልንል እንችላለንን? ከሰዓቱ ተነሥቶ ይህን ሊፈርድ የሚችል ማንም የለም። ሰዓቱ የሚለካው የድርሻዎቹን ድምር እንጂ ትጋትን ለይቶ አይደለም።

የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ የእድገቱን ምስጋና ሁሉ ለልጁ የሰጠን እንደ ሆነ፣ እድገቱ ሲቆም ወቀሳውን ሁሉ ልናሸክመው ነው። አካሉ አድጎ ሲጨርስ፣ ቁልቁለቱም ሲያልቅ፣ «ጠገበ፣ ከተማ አበላሸው» እንለዋለን። ያልሰጠነውን እንደ ነጠቀን እንቆጥረዋለን። ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠው ወጣት ወደ ፊት መሄጃ፣ በኀፍረትም ምክንያት ወደ ቤቱ መመለሻ ያጣል። ቁጥሩ ባለመቀነሱ የተጨነቀ ሰው ቁጥሩን በሌላ መንገድ ለመቀነስ ይፈተናል፤ አንዱ የተከለከለ መድኃኒት ይወስዳል፤ ሌላው ዕድሜውን ይቀንሳል።

ስለ ዕድሜ ጥቂት እንጨምር። የልደት ምዝገባን የሚያካትተው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ስለሆነ፣ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት ልጆች የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው። የብዙዎቹ ዕድሜ በእናት ትዝታ ላይ የቆመ ነው። የሃያ ዓመቱ ወጣት አሥራ ስድስት ነው ተብሎ ሲጻፍ የተዋሸው ለዳኛው ብቻ አይደለም፤ በእውነት አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ከሰልፉ ይወጣል፤ የተዋሸለት ወጣትም የውሸቱን እድገት በእውነተኛ እድገት ሊከፍል ግዴታ ይገባል።

ምናልባት «ምስጋናን ብትቀንሱበት ልጁ ተስፋ ይቆርጣል» የሚሉን ይኖሩ ይሆናል። እኛ ግን ምስጋናው ይቀነስ አላልንም፤ ቦታውን ይያዝ ነው ያልነው። በሰዓቱ የተመሰገነ ልጅ ምስጋናውን በአንድ መጥፎ ቀን ያጣዋል። በትጋቱ የተመሰገነ ልጅ ግን ሰዓቱ ቢቆምም ትጋቱ ከእርሱ ጋር ነው፤ ወደ መማሪያ ክፍልም፣ ወደ እርሻም፣ ወደ ንግድም ይዞት ይሄዳል። ችሎታን በአማርኛ «መክሊት» የምንለው ከወንጌሉ ምሳሌ ወስደን ነው። በዚያ ምሳሌ ጌታው አምስት ላተረፈውም ሁለት ላተረፈውም አንድ ዓይነት የምስጋና ቃል መናገሩን ልብ ይሏል። የተቀበሉት መጠን የተለያየ ነበረ፤ የተመሰገኑበት ታማኝነት ግን አንድ ነው።

ስለዚህ የልጁ መምህር ከሰዓቱ ጎን ቦታውን፣ የሜዳውን ዓይነትና እውነተኛ ዕድሜውን አብረው ይጻፉ፤ የደባርቁን ከደባርቅ፣ የባሕር ዳሩን ከባሕር ዳር ጋር ያነጻጽሩ። አባት በልጁ እግር ላይ የቤቱን ዕዳ አይጫን፤ ፈተናውን ይፈጽም ዘንድ ጊዜ ይስጠው። ልጁም የተሰጠውን በደስታ ይቀበል፤ ነገር ግን ስጦታውን ከራሱ ማንነት ጋር አያምታታ።

ምስጋናችን ትክክለኛ መሆን አለመሆኑን የምናውቅበት አንድ ቀላል መመዘኛ አለ። በዚያ ውርጭ ንጋት ከፈጣኑ ልጅ ጋር እኩል የተነሣ፣ እኩል የደከመ፣ ሰዓቱ ግን ያልቀነሰለት ጓደኛ አለ። እርሱን የሚያልፈው ምስጋና ትጋትን ሳይሆን ዕድልን ያመሰገነ ነው።