አራስ ቤት የሚገባ አባት

በብዙ ቤት ልጅ ሲወለድ አባት ከመኝታ ክፍሉ ይወጣል። አማት ትመጣለች፣ የጎረቤት ሴቶች ገንፎና አጥሚት ይዘው ይገባሉ። እሱ ዶሮና ቅቤ ሊገዛ ገበያ ይላካል፤ ማታ በር ላይ ቆሞ «እንዴት ዋላችሁ?» ይልና ሳሎን ሄዶ ይተኛል። ልፋቱ አይናቅም። ግን እንግዶቹ ሲሄዱ ልጁን ማቀፍ የሚፈራው ከልጁ ርቆ በመቆየቱ የተነሳ ነው። አራሷም እኮ መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነበር፤ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስታጠባ እጇ ለመደ። የእሱ እጅ ሥራ አላገኘም።

ስለዚህ አዲስ አባት ድፍረት እስኪመጣለት አይጠብቅ። ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሥራ ጠቅልሎ ይያዝ።

ዳይፐር መቀየር ጥሩ መነሻ ነው። እትብቱ እስኪደርቅና እስኪወድቅ ዳይፐሩን ከሥሩ ዝቅ አድርጎ ያጥፈው፤ እትብቱ ላይ ቅቤም፣ የጤና ባለሙያ ካላዘዘ በቀር ሌላም ነገር አይቀባ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰገራ ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው፤ ሕፃኑ በደንብ ሲጠባ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በቀንና ሌሊት ስድስት ያህል ጊዜ ሽንቱን ከሸና ወተቱ እየበቃው ነው። ይህን የሚቆጥር አባት ሐኪም ሲጠይቅ የሚመልሰው አለው።

ቀጥሎ ሸሚዙን አውልቆ ሕፃኑን ደረቱ ላይ ያስተኛ። በ1978 እ.ኤ.አ. ቦጎታ ውስጥ ሐኪሙ ኤድጋር ሬይ ማሞቂያ መሣሪያ ሲያጥራቸው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ደረት ማሞቅ ጀመሩ፤ ዘዴው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ደርሷል። የአባት ገላም ያሞቃል፤ በተለይ እናት በቀዶ ሕክምና ወልዳ ስታገግም። በ2014 እ.ኤ.አ. ሩት ፌልድማንና ባልደረቦቿ እስራኤል ውስጥ ባደረጉት ጥናት፣ አባት ልጁን ራሱ በመንከባከብ የሚያሳልፈው ጊዜ በበዛ መጠን ለእንክብካቤ የሚያገለግሉት የአንጎሉ ክፍሎች ትስስርም ጠንክሮ ታይቷል።

የሚከብደው ልቅሶው ነው። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ይጨምራል፣ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል፣ በሦስተኛው ወር ይቀንሳል። ጠብቶ፣ አግስቶ፣ ዳይፐሩ ተቀይሮለትም ያለቅሳል፤ አባትየው ስላልቻለበት አይደለም። ትዕግሥቱ ሲያልቅ ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ይውጣ። በጭራሽ አይነቅንቀው፤ አንጎሉ ይጎዳል።

ከእሱ በቀር ማንም በቀላሉ የማይወጣው ሥራም አለ። አያት ለሕፃኑ ቅቤ ሊያልሱ ወይም ውኃ ሊያቀምሱ ሲሉ ምራት አፍ አውጥታ መከልከል ይከብዳታል። ልጃቸው ግን «እማዬ፣ ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ምንም አይቅመስ ተብለናል» ቢል ይሰማል። ይህን በፍቅርና በአክብሮት መናገር ሚስትን ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናታል።

ለዚህ ሁሉ ግን ጊዜው አጭር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። የሚችል ሰው የዓመት ፈቃዱን ከወዲሁ አስፈቅዶ ይጨምርበት፤ ቀኖቹንም በእንግዳ ማስተናገድ አይጨርሳቸው።

ሌሊት ሲነቃም ሰዓቱን አጠገቡ ያድርግ። ሕፃኑ በእርጋታ ሳለ በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰና እንደገና ሲቆጠርም ካልቀነሰ፣ መጥባት ካቆመ፣ ሰውነቱ ከተቃጠለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ይነጋል ሳይል ይዞት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።