ንጉሡ ተጸጸተ፤ ምድሩ ግን በእጁ ቀረ

ሰው ስለ በደሉ ከልቡ ሲያዝን፥ በበደሉ ያገኘውን ግን በእጁ ሲያኖር፥ ኀዘኑ ንስሐ ሊባል ይገባልን? ይህ ጥያቄ በሕንድ አገር በዐለት ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ321 ዓመት ገደማ ቻንድራጉፕታ የሚባል ሰው የመጋዳን ዙፋን ይዞ የማውርያን ሥርወ መንግሥት መሠረተ። ከእስክንድር የጦር አለቆች አንዱ የነበረው ሴሌውቆስ እንኳ በውል ታርቆት ሰፊ አገር ለቀቀለት፤ በምላሹም 500 ዝሆኖች ተቀበለ። ልጁ ቢንዱሳራ ግዛቱን አጸና። የልጅ ልጁ አሾካ ደግሞ በነገሠ በ8ኛው ዓመት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ261 ገደማ፥ በምሥራቅ ባሕር ዳር ያለችውን ካሊንጋን ወግቶ ያዘ።

በዚያ የሆነውን የጻፈበት ጠላቱ አይደለም፤ ራሱ ጻፈው። በ13ኛው የዐለት ዐዋጁ 150,000 ሰዎች ተማርከው እንደ ተጋዙ፥ 100,000 እንደ ተገደሉ፥ ከዚያም የሚበልጡ እንደ ሞቱ ይናገራል፤ ስለዚህም ነገር እጅግ መጸጸቱን ይመሰክራል። ነገሥታት የገደሉትን ሲቈጥሩ ለክብራቸው ነው፤ እርሱ ግን ለኀፍረቱ ቈጠረ። ወንጌልን ያልሰማ ሰው እንዲህ መናዘዙ እኛን ሊያሳፍረን ይገባል።

ነገር ግን ያው ዐዋጅ ካሊንጋ ነጻ ትውጣ አይልም፤ ምርኮኞችም ወደ ቤታቸው ይመለሱ አይልም። በዱር ለሚኖሩ ሕዝቦችም ንጉሡ ቢጸጸትም እንኳ የመቅጣት ኀይል እንዳለው ያስጠነቅቃል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ በካሊንጋ ምድር በዳውሊና በጃውጋዳ ዐለቶች ላይ ሌሎቹ ዐዋጆች ሲቀረጹ 13ኛው ተትቶአል። በስፍራው ሹማምንት ማንንም ያለ ምክንያት እንዳያስሩ የሚያዝ፥ ንጉሡም ሰውን ሁሉ እንደ ልጁ እንደሚቈጥር የሚገልጽ ቃል ተጻፈ። መልካም ቃል ነው፤ ኑዛዜው ግን የተበደለው ሕዝብ በሚሰማበት ቦታ አልተነገረም።

ምናልባት ዐመፅ እንዳይነሣ ፈርቶ ይሆናል። ይህ ምክንያት ለመንግሥት ይበቃ ይሆናል፤ ለንስሐ የሚበቃ ግን አይመስለኝም። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ የተነሣው ጌታ ወደ እርሱ ከመጣ በኋላ ነው፤ ይቅርታን በገንዘብ ሊገዛ ሳይሆን ጸጋ ስለ ጐበኘው እጁ ተፈታ። ደግሞም በአሾካ ላይ ሊፈርድ የሚቸኩል ሰው ዳዊትን ያስብ፤ በናታን ፊት ኀጢአቱን ተናዘዘ፥ ቤርሳቤህ ግን በቤቱ ቀረች። የኦርዮን ሕይወት ማን ይመልሳል? የማይመለስ ነገር አለ፤ የካሊንጋ ምድር ግን ሊመለስ ይቻል ነበር።

አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ232 ገደማ ሞተ፤ ከእርሱ በኋላ መንግሥቱ ሃምሳ ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። አንዳንድ ጸሐፊዎች የውድቀቱን ምክንያት በንጉሡ የዋህነት ላይ ይጥላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም፤ የሞትን ቅጣት እንኳ አልሻረም፥ ለተፈረደባቸው የ3 ቀን ጊዜ ሰጠ እንጂ። በ185 ገደማ የመጨረሻውን ንጉሥ ብሪሃድራታን የገዛ ጦር አለቃው ፑሽያሚትራ በሠራዊቱ ሰልፍ ፊት ገደለው።

ካሊንጋም ዳግመኛ የራስዋን ንጉሥ አገኘች፤ ስሙም ካራቬላ ነበረ። ከዳውሊ በማይርቀው በኡዳያጊሪ ኮረብታ ታሪኩን በዋሻ ላይ አስቀረጸ። በዚያ ጽሕፈት ዘመቻዎቹን ዓመት በዓመት እየቈጠረ ይመካል፤ የመጋዳን ንጉሥ በእግሩ ሥር እንዳሰገደም ይናገራል።