ልብ ለራሱ አያስቀርም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ዐቢይ ጾም በመካከላችን የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከመዘምራኑ አንዱ ወንድማችን ሰባት ሳምንት ሙሉ ከጉባኤ ሲቀር «ትምህርት በዝቶበት ይሆናል» ብለን አለፍነው። ለካ ታሞ ተኝቶ ኖሯል። የሰማነውም ከጎረቤቱ እንጂ ከእኛ አንዱ ሄዶ ጠይቆት አይደለም። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ደምና ስለ ዛፍ ቢሆንም ይህ ወንድማችን ከሐሳባችን ሳይወጣ ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 12 ላይ ምእመናንን በአንድ አካል ብልቶች ይመስላቸዋል። ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ከመስማታችንም ብዛት የተነሣ ማሰቡን ሳንተወው አልቀረንም። ሥነ ሕይወት ስንማር ግን ብልቶች እንዴት አንድ አካል እንደሚሆኑ ጥቂት ገባን። ጎን ለጎን መቀመጣቸው ብቻ አንድ አያደርጋቸውም፤ በመካከላቸው የሚመላለስ ነገር አለ።

እንደ አሜባ ያለች የአንድ ሕዋስ ፍጥረት ልብም የደም ሥርም አያስፈልጋትም። ምግቡም ኦክሲጅኑም በዙሪያዋ ካለው ውኃ ቀጥታ ይገባላታል። አካል ሲገዝፍ ግን በጥልቁ ያለው ሕዋስ ከውጭ ምንም ስለማይደርሰው አመላላሽ ያሻዋል። እኛም አሥር ሆነን ሳለን ማን እንዳዘነ በፊቱ እናውቅ ነበር። ዛሬ በዝተናል።

የአንድ ጤነኛ ሰው ልብ ዐርፎ ሳለ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በየደቂቃውም 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ይህም በቀን ከ7,000 ሊትር ይበልጣል። ይሁን እንጂ ልብ ጡንቻውን የሚመግበው ክፍሎቹን ከሞላው ደም አይደለም። ደሙን ወደ ትልቁ ደም ቅዳ ከላከ በኋላ፣ ከደም ቅዳው መነሻ ላይ በሚገነጠሉ ሁለት ቀጫጭን የደም ሥሮች ድርሻው ተመልሶ ይመጣለታል። እነዚያ ሲደፈኑ በደም ተሞልቶ ሳለ ደም አጥቶ ይጎዳል። በየሳምንቱ ቅጥሩ ውስጥ የምንውል፣ የአዳራሹን ቁልፍ የያዝን፣ ከበሮ የምንመታ እኛስ?

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ ደም በአካል ውስጥ እየዞረ እንደሚመለስ ያስረዳበትን መጽሐፍ ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1628 ነው። ከእርሱ በፊት ደም በጉበት ተሠርቶ ብልቶች ዘንድ ደርሶ ያልቃል ይባል ነበር። ሃርቬይ ልብ በግማሽ ሰዓት የሚያወጣውን አስልቶ፣ ይህን ያህል ደም ከምግብ ሊሠራ ስለማይችል መመለስ አለበት አለ። ነገር ግን ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርበትን መንገድ ሳያይ በ1657 አረፈ። ከ4 ዓመት በኋላ ጣሊያናዊው ማልፒጊ በአጉሊ መነጽር በእንቁራሪት ሳንባ ላይ አየው። ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያልፉበት አንድ በአንድ ተሰልፈው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ! የትልቁ ደም ቅዳ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ በመንገዱ ላሉት ብልቶች ከጎኑ ምንም አያሳልፍም። ርክክቡ የሚፈጸመው በእነዚያ በዓይን በማይታዩት ነው። እኛ ግን የምንደክመው ለትልቁ ነው፦ ለዓመቱ በዓል፣ ለደንብ ልብሱ፣ ለድምፅ ማጉያው። ወደ ወንድማችን ቤት የሚያደርሰው አንድ ሰው በእግሩ የሚሄድበት ቀጭን መንገድ ነበር፤ የጠፋውም እርሱ ነው።

ዛፍ ደግሞ ልብ የለውም። ውኃው ወደ ላይ የሚወጣው ዛይለም በሚባሉ፣ ሕዋሶቻቸው ሞተው ባዶ ቧንቧ በሆኑ መንገዶች ነው፤ ቅጠሉ ውኃ ሲያተን የታችኛው ውኃ ተያይዞ ይሳባል። ቅጠሉ የሠራው ስኳር በበኩሉ ከልጣጩ ጋር ባለው፣ ፍሎየም በሚባል ሕያው መንገድ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ገበሬ ዛፍ ቆሞ እንዲደርቅ ሲፈልግ ግንዱን ዙሪያውን ይልጠዋል። ያ ዛፍ በማግሥቱ አይጠወልግም። ውኃው በውስጥ እየወጣለት ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የሚራበው ከመሬት በታች ያለው፣ ማንም የማያየው ሥሩ ነው። ሥሩ ያጠራቀመውን ጨርሶ ሲሞት ቅጠሉም ይከተላል።

በዚያ ሰባት ሳምንት መዝሙራችን አልጎደለም። ለትንሣኤ የመጣው ሕዝብም አመስግኖን ሄደ። አረንጓዴ ነበርን።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከባችን በፊት ወንድማችንን ሄደን ጠየቅነው። ተሽሎት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አልወቀሰንም፤ ያመለጠውን መዝሙር እንድናስጠናው ብቻ ለመነን። ከዚያ ተመልሰን የአባላቱን መዝገብ ስናገላብጥ፣ ቤታቸውን ማንኛችንም የማናውቃቸው 11 ስሞች አገኘን። ስሞቹን በአዳራሹ በር ላይ ለጥፈናል። የአንዳቸውን እንኳ ሰፈር የምታውቁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው በር እንጠብቃችኋለን።