የተመልካች ዓይን፣ የተሸካሚ ትከሻ

የሰው ልጅ ተፈጥሮን በሁለት መንገድ ይቀርባታል፤ አንዱ ይኖርባታል፣ ሌላው ይጎበኛታል። ነዋሪው ውሃ ሊቀዳ፣ ማገዶ ሊለቅም፣ ከብት ሊያሰማራ ሲወጣ አውሬውን በመንገዱ ያገኘዋል። ጎብኚው በአንጻሩ አውሬውን ብሎ ይወጣል፤ ድንኳን ተክሎ ያድራል፤ ውሃውንና ማገዶውን ሌላ ሰው ያቀርብለታል። ከዚህ የሚነሣው የሞራል ጥያቄ፣ ሊያይ የመጣው በሚኖርበት ሰው ዘንድ ምን ዕዳ አለበት? የሚል ነው።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅን አልፎ ከአምባሰል ተራሮች ግርጌ ውጫሌን ያገኛል። ከኋላው የተወው ሐይቅ ለእርሱ የወፎች መመልከቻ ነው፤ ለዳርቻው ሰው ግን ከብት ማጠጫና ዓሣ ማጥመጃ ነው። አንድ ነገር ሁለት ንባብ ሲኖረው የሚከተለውን ውጫሌ ታውቃለች። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17 በአማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለምታደርገው ግንኙነት በኢጣሊያ መጠቀም «ትችላለች» ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። ነገሩን ወደ ጦርነት የወሰደው የንባቡ ልዩነት ብቻ ሳይሆን፣ አንደኛው ወገን የራሱን ንባብ በሌላው ላይ ሊጭን መነሣቱ ነው። የምድርም ንባብ እንዲሁ ነው።

ለዚህ ጉልህ ማስረጃ የሚሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሰላም በሆነበት ጊዜ ጎብኚው በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ እየሰፈረ ይጓዛል። ገና ሳይነጋ ምግብ አብሳዩ እሳት ያነዳል፤ ባለበቅሎው ጭነት ያጠብቃል፤ ጠባቂው ጠመንጃውን አንግቶ ይጠብቃል። ጎብኚው ሲነሣ ሻዩ ፈልቷል። በመነጽሩ ገደል ለገደል የሚፈልገውን ዋልያም ብዙ ጊዜ ጠባቂው በባዶ ዓይኑ ቀድሞ ያሳየዋል፤ ይህን ዓይን የሳለው በዚያው ተራራ ላይ መኖርና መሥራት ነውና።

ይሁን እንጂ የነዋሪው ፍላጎት ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። እርሻና ግጦሽ ሽቅብ እየገፋ ዋልያን ወደ ገደል አፋፍ አጣብቦታል፤ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የቆየበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከአባቶቻቸው መሬት ተነሥተው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። የዋልያ መትረፍ ታላቅ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉ የከበደውን ዋጋ የከፈለው ግን ሊያየው የመጣው ሰው አይደለም።

ታዲያ ሁለቱ ንባቦች አይታረቁም? የመንዝ ጓሳ ሌላ መልስ ይሰጣል። ሕዝቡ ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት፣ በመረጣቸው አለቆች አማካይነት፣ ምድሩን ለዓመታት ይዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ በአንድነት ይከፍት ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ዋለ፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም አብረው ኖሩ። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ዘግየት ብሎ ጥበቃውን በኮሚቴ አደራጅቶ አነሣው። በጓሳ ቀይ ቀበሮውን ለዛሬ ያደረሰው ተመልካች ሳይሆን፣ ለፍላጎቱ ራሱ ወሰን ያበጀ ሣር አጫጅ ነው።

እንግዲህ ማየት በራሱ ነውር አይደለም፤ ያላየ አይወድም፣ ያልወደደም አይጠብቅም። ነውሩ ዓይን የቆመበትን ትከሻ መርሳት ነው። ተማሪዎቹን ይዞ ሊያሰፍር የሚወጣ መምህር አስቀድሞ ውሃውን ራሳቸው እንዲቀዱ፣ ሣሩ የማን እንደሆነም እንዲጠይቁ ያድርግ። ሠዓሊውም የዋልያውን ቀንድ በሚሥልበት ሸራ ላይ ጭነት ለሚያጠብቀው ባለበቅሎ ሥፍራ ይተውለት።